ፀሐይ ምን ሰረቀች?

ቡሬ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። እህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ እሰፋለሁ፤ በጆንያው ላይ የእህሉን ዓይነት በቀለም የምጽፈውም እኔ ነኝ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ፊደል ግን አልስትም። አገሬ ፈረስ ቤት ሳለሁ ያስተማሩኝ መሪጌታ ለአንድ ፊደል ስሕተት ሙሉ ገጽ ያስደግሙኝ ነበር። ሰው ፊት መናገር ግን ማንም አላስተማረኝም። እሑድ እሑድ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ይመሻል።

አከራዬ እትዬ ኡምሀኒ ናቸው። በጥቅምት ሦስተኛ ክፍል የምትማረውን ልጃቸውን ሁስናን ይዘው ደጄ ላይ ቆሙ።

«ታከለ፣ ይቺ ልጅ በቃለ ጽሕፈት ከዐሥር አራት አመጣች። መምህሯ ደግሞ በፊደል አይቀልዱም አሉ። ዐሥር ከዐሥር እስክታመጣ ብታስጠናልኝ?»

«እሺ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስመለስ ሁስና ደብተሯን ታቅፋ ደጄ ላይ ትጠብቀኛለች። ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ሁለት የሆኑትን ፊደሎች በስማቸው አስጠናኋት፦ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ።

«‹ንጉሥ› በየትኛው ይጻፋል?» እላታለሁ።

«በራሱ ነዋ፣ ጋሼ! ንጉሥ ሰው ቤት ያድራል እንዴ?»

እሥቃለሁ። የገዛ ሣቄን ስሰማ እደነግጥ ነበር።

አራቱ ሰባት ሆነ፤ ሰባቱ ዘጠኝ። ውጤቷ ከፍ ባለ ቁጥር እኔን ፍርሃት ያዘኝ። ዐሥር ያመጣች ቀን ደጄ ላይ የሚጠብቀኝ አይኖርም።

ቃለ ጽሕፈት ሁልጊዜ ዓርብ ነው። በዋዜማው መምህሩ በቃል የነገሯቸውን ዐረፍተ ነገሮች እያነበነብኩ አጻፍኳት። የመጨረሻው «ፀሐይ ሠረቀች» የሚል ነበር፤ ወጣች ለማለት ነው። ሁስና በእሳቱ ሰ ጻፈችው። እንደዚያ ሲጻፍ ፀሐይ ሌባ ትሆናለች። አየሁት።

«ሁሉም ልክ ነው፣ ጋሼ?»

«ልክ ነው» አልኳት።

በማግስቱ ግቢው ውስጥ የሁስናን ልቅሶ ሰማሁ።

«መምህሩ የጻፍኩትን ሰሌዳ ላይ ሲያሳዩ ክፍሉ ሁሉ ‹ፀሐይ ምን ሰረቀች? ያንቺን ምሳ ነው?› እያለ ሣቀብኝ!»

«ሳታጠኚ ሄደሽ ነዋ!» አሉ እናቷ።

«አጥንቻለሁ! ጋሼ ታከለ ልክ ነው ብለውኛል።»

«ውሸታም! ታከለ ነው ፊደል የሚስተው? ወላሂ ለአባትሽ ነው የምነግረው!»

በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

«እትዬ፣ አልዋሸችም። ስሕተቷን አይቼ ልክ ነው ያልኳት እኔ ነኝ።»

«ሳታስተውል ነዋ።»

«አይ። አስተውዬ ነው።»

«ምነው? ምን በደለችህ?»

ዐሥር ካመጣች አትመጣም ብዬ ነው ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሁስና ልቅሶዋን አቁማ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«ሌባ ሲሆን በእሳቱ ነው» አልኳት። «‹እጁን እሳት ይፍጀው› በይና አስታውሺ። ፀሐይ ስትወጣ ግን በንጉሡ ነው።»

እዚያው ቆማ ጻፈችው።

በሚቀጥለው ዓርብ ዐሥር ከዐሥር አመጣች። እትዬ ኡምሀኒ በሰሃን ዳቦ ይዘው መጡ። ወትሮ ይገቡ ነበር፤ ያን ቀን ግን ከበሩ አላለፉም።

«አላህ ይስጥህ። ከእንግዲህስ አናድክምህ» አሉኝ።

ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

አሁን ከሥራ ስመለስ ሁስና ከግድግዳው ማዶ ታናሽ ወንድሟን ሙንዲርን ስታስጠና እሰማለሁ።

«‹ሕዝብ› በየትኛው ሀ ነው?» አላት ትናንት።

«ቆይ… ላስብ።»

«ጋሼን እንጠይቃቸው?»

«እማዬ ተዪ ብላኛለች።»

«በሐመሩ ሐ» አልኩ። ድምፄ ከራሴ ጆሮ አላለፈም።