ዳቦ የጎረሰ አባት

ባለቤቴ የጥርስ ሐኪም ነው። ቀኑን ሙሉ አፋቸው በጥጥ የተሞላ ሰዎችን «ልጆች እንዴት ናቸው? ሥራስ?» እያለ ይጠይቅና መልሱንም ራሱ ይመልሳል። ታካሚዎቹ ጨዋታ አዋቂ ነው ይሉታል፤ ምን ምርጫ አላቸው?

ቤትም ያው ነው። ልጃችን ሰሞኑን ከትምህርት ቤት ፊቷን አጥቁራ ስለምትመለስ ጭንቀት ይዞታል። ትናንት እራት ላይ፣

«እሺ የኔ እመቤት፣ ትምህርት እንዴት ነበር? ጥሩ ነበር አይደል? ከማን ጋር ተጫወትሽ? ከጓደኛሽ ጋር ነዋ!» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይቺ ልጅ እኮ አትናገርም» ሲል አማረረ።

«ምን ታድርግ፣ አንተ እየመለስክላት» አልኩት።

ልጅቷ ከዳቦው ትልቅ ቁራሽ ቆረሰች።

«አባዬ፣ አፍህን ክፈት።»

የሙያው ነገር ሆኖበት፣ አፍ እንዴት እንደሚከፈት ሊያሳያት በሰፊው ከፈተ። ዳቦውን ጠቀጠቀችበት።

«አሁን ልንገርህ። ጓደኛዬ ከሌላ ልጅ ጋር መቀመጥ ጀምራለች። እኔ ብቻዬን ነኝ። ምሳም ብቻዬን ነው የምበላው።»

ባለቤቴ ዓይኑ ፈጠጠ፤ መናገር ግን አልቻለም። እሷም ሆዷ ውስጥ የከረመውን ሁሉ ዘረገፈችው። እሱ ቀስ ብሎ እያላመጠ ሰማት።

ጉርሻው ሊያልቅ ሲል፣ ማንም ሳይነግረው ሌላ ቁራሽ አነሳና ጎረሰ።