አሥራ ሁለተኛው ብር

ካሳዬ ያንን ብር ከኪሱ ባያወጣው ኖሮ ዛሬ ደስተኛ ሴት ነበርኩ። ቢያንስ ምንም የማታውቅ ሴት ነበርኩ፤ ሁለቱ ብዙም አይራራቁም።

ካሳዬ ልጄን ሊናን ለልጁ ለቸሩ ሊጠይቅ ሽማግሌ የላከው ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ነበር። እኔም እንደ ወጉ "ዘመድ ላማክርና በሚቀጥለው እሑድ ተመለሱ" አልኩ። የማማክረው ዘመድ እንኳ የለኝም። አባቷ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ዘመድ የምለው ሮቢንስዴል ሆስፒታል አብሮኝ በሽተኛ የሚያገላብጥ ሰው ነው። ግን ቶሎ እሺ ያለች እናት ልጇን ያራከሰች ይመስላል።

በቀጠሮው እሑድ ካሳዬ ራሱ መጣ። በወጉ የልጁ አባት ከሽማግሌ ጋር አይመጣም፤ ሚኒሶታ ላይ ግን ወጉም እንደኛው ተጣድፎ ነው የሚኖረው። ካሳዬ ፍሪድሊ ትልቅ ቤትና ሦስት የጭነት መኪና አለው። ኮሎምቢያ ሃይትስ ያለችውን አፓርታማዬን ደረጃ እያለከለከ ወጥቶ፣ ገና ሳይቀመጥ "ኤሌቬተር የለውም እንዴ?" አለ። ከኋላው ጋሽ አለልኝ ጫማቸውን ከበረዶ እያራገፉ ገቡ። እሳቸው የሰፈሩ ሁሉ ሽማግሌ ናቸው፤ የሚያጋቡትም የሚያስታርቁትም፣ ወሬውን የሚያዳርሱትም እሳቸው ናቸው።

ሊናና ቸሩ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንከን ላገኝበት ሞክሬ አቅቶኛል። ልጄ እሱን ስታይ ፊቷ እንዴት እንደሚበራ ስላየሁ ፍለጋዬን ትቼ ነበር።

"ልጄን ሰጥቻለሁ" አልኩ። ጋሽ አለልኝ መረቁ፤ ሁላችንም አሜን አልን። እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት?

ካሳዬ ከኮቱ ኪስ ትንሽ ሣጥን አወጣ።

"ይሄ ለሙሽራዋ ነው። አያቴ ለማንም ያልሰጠው ብር።"

አናቱ ላይ ለአንገት ማሰሪያ ቀለበት የተበየደበት ትልቅ የብር ሳንቲም ነበር።

"ጠገራ ነዋ!" አሉ ጋሽ አለልኝ።

"እኔም ስድሳ ዓመት ጠገራ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። ሮቢንስዴል የድሮ ሳንቲም የሚሸጥ ሰው ጋ ወስጄ ቼክ አስደረግሁት። የስፔን ነው ጋሼ! የማርትሬዛዋ ሴትዮ የለችበትም። እዩት፣ ሁለት ምሰሶ ነው ያለበት። አሜሪካ በእንግሊዝ ሥር ሳለች ሰው የሚገበያየው በዚህ ነበር። የቀን ሠራተኛ ሁለት ሦስት ቀን ለፍቶ ነው አንዱን የሚያገኘው። ዝርዝር ሲጠፋ በመሮ ስምንት ቦታ ይቆርጡታል፤ አንዷ ቁራጭ ብቻዋን ምሳ ታበላለች። ጥቂቱን ካጠራቀሙ ደግሞ ላም እየነዱ መግባት ነው።"

"ዛሬስ?" አልኩት።

ፊቱ ትንሽ ጠቆረ። "ቀለበት ስለተበየደበት ከአርባ ዶላር በላይ አያወጣም አለኝ። ዋጋው ግን እሱ አይደለም፣ ወይዘሮ ሰገነት። እርስዎ ያውቁታል።"

ሊና ሳንቲሙን አንስታ እያገላበጠች "ኤንድ ፒፕል?" አለች። "ኮሌጅ ክላስ ወስደናል። ሰውም በዚህ ይሸጥ ነበር አይደል? ሰው ስንት ነበር?"

ካሳዬ ዝንብ እንደሚያባርር እጁን አወናጨፈ። "እሱ የነሱ ጉድ ነው ልጄ። እኛ ቤት ሰው አልተሸጠም፣ አልተለወጠም። ይልቅ የዚችን ታሪክ ላጫውታችሁ። አያቴ አሥራ ሁለት ብር ይዞ በቅሎ ሊገዛ ገበያ ወረደ። ያኔ ነጋዴ የሴትዮዋን ልብስና ጌጥ አንድ በአንድ ሳያይ ብር አይቀበልም። ሻጩ እየመረመረ ቆጥሮ ቆጥሮ አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ 'ሴትዮዋ የለችበትም፣ አልቀበልም!' ብሎ መለሰለት። አያቴ ምን ያድርግ? በምትኩ አሥር አሞሌ ጨው ጨምሮ በቅሎዋን ይዞ ገባ። ያቺ የተመለሰችው ብር ይቺ ናት።"

ሳቁ። ጋሽ አለልኝ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

እኔ ያንን ታሪክ አውቀው ነበር። ከነአሥራ አንዱ ብር፣ ከነአሥሩ አሞሌ፣ ከነምሰሶው አውቀው ነበር። በቅሎ ግን አልነበረበትም።

የአያቴ እናት ሲንቄ ትባላለች። የተሸጠችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው። ለአያቴ ነግራታለች፣ አያቴ ደግሞ ለእኔ፤ "ሻጩ አንዱን ብር 'ሴትዮዋ የለችበትም' ብሎ ሲመልስ ገበያው ፈረሰ ብዬ ደስ አለኝ" አለች። "እናቴ ጋ የሚመልሱኝ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሣሁ። ከዚያ ጨው አመጡ።" አያቴ የገዢውን ስም አልነገረችኝም። ምናልባት ስሙን እየጠራች መኖር አልፈለገችም። "ለማንም እንዳትናገሪ፣ ልጆችሽን የሚያገባ ሰው ታጪያለሽ" ያለችኝ ግን ትዝ ይለኛል። አርባ ዓመት ሙሉ አልተናገርኩም። ለሟቹ ባሌም አልነገርኩትም።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ግን ያን ቀን ነቀዘ።

"የበቅሎዋ ስም ማን ነበር?" አልኩ።

እንደገና ሳቁ። "በቅሎ ደግሞ ስም አላት እንዴ?" አለ ካሳዬ።

"ነበራት። ሲንቄ።"

ጋሽ አለልኝ ጨዋታ መስሏቸው "ድንቅ ስም ነው!" አሉ። ካሳዬ አልሳቀም። ከልጄ እጅ ብሩን ቀስ ብሎ ወስዶ ሣጥኑ ውስጥ ከተተው፣ ሣጥኑን ኪሱ ከተተው። ያቀረብኩለትን ምግብ በልቶ እስኪጨርስ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። ያውቅ ነበር። በቅሎ የምትለዋን ቃል አባቱ ይሁን እሱ ያስገባት አላውቅም፤ ከሥሯ ያለውን ግን ያውቅ ነበር።

ስሸኛቸው ፓርኪንጉ ጋ ጋሽ አለልኝን መኪና ውስጥ አስገብቶ በሩን ዘጋባቸውና ወደ እኔ ተመለሰ።

"የሲንቄ ምኗ ነሽ?" አለኝ። እስከዚያች ሰዓት "እርስዎ" ነበርኩ።

"የልጅ ልጇ ልጅ።"

"አባቴን በጀርባዋ አዝላ ነው ያሳደገችው" አለ። ለአፍታ ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ሞኝ ነኝ።

"ስሚ፣ እኔ ዘር የምቆጥር ሰው አይደለሁም" አለ። "ሌላ ሰው ቢሆን ይሄኔ ነገሩን አፍርሶት ነበር። እኔ እንዳልሰማሁ አልፌዋለሁ፣ ሠርጉም ይቀጥላል። አንቺም ሁለተኛ እንዳታነሺው። እሳቸው ከሰሙ" ወደ መኪናው በአገጩ ጠቆመ፣ "ሚኒሶታ በሙሉ ሰማ ማለት ነው። ያኔ እኔም አልችልም።"

ይቅር አለኝ። ተሸጠን በመገኘታችን ይቅር አለን።

ሣጥኑን አውጥቶ ዘረጋልኝ። "ይኸው። ቃሌን አላጥፍም። ለልጅቷ ነው።"

ነጥቄ ልወረውርበት እጄ ተነሥቶ ነበር። ከእሱ ትከሻ በላይ ቸሩ ከልጄ መኪና ላይ በረዶ ይጠርጋል፤ ሊና ከኋላው በረዶ እየጠቀለለች ትወረውርበታለች፣ ሳቋ እኔ ጋ ይሰማል። እውነቱን ብናገር ልጁ አባቱን ትቶ ይከተላት ይሆናል። ባይከተላትስ? በዚህ ጥያቄ ላይ የልጄን ሕይወት ላስይዝ አልቻልኩም። ሲንቄን ግን አስያዝኳት፤ የሞተ ሰው አይጮህም።

ሣጥኑን ተቀበልኩ። "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩት፣ ይህንንም አልኩ።

አሥራ አንዱ ብር የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት ተከፍሎ ነበር። የጎደለውን አንዱን በእጄ ይዤ ደረጃውን ወጣሁ።

ሊና ብሩን በጥቁር ክር አንገቷ ላይ አስራ መስተዋት ፊት ቆመች። አማረባት፣ እሱ ነው ያንገበገበኝ።

"ማም፣ ዋት ዋዝ ዛት? የበቅሎዋ ስም ምናምን? የቸሩ አባት አፕሴት የሆነ መሰለኝ።"

"ቀልድ ነው።"

"ኦኬ።" ብሩን በጣቷ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። "ግን ሪሊ፣ እኛ አገር በዚህ ምን ይገዙበት ነበር?"

አየኋት። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ምን ትመስል እንደነበር ትዝ አለኝ።

"በቅሎ" አልኳት።