በሁለት ስም የነበረው ሒሳብ

ግሪን ካርዱ አምና መጋቢት ሲመጣ ኢላኪያ አልጨፈረችም፤ ተኛች። ከተማሪነቷ ጀምሮ ስትጠብቅ የተጠራቀመባት ድካም ሁሉ ያን ቀን ወረደባት። ካርዱ ደግሞ ብቻውን አልመጣም። ተማሪ ሳለች የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ የሚጠይቃት እዚያው ያገኘችውን ብቻ ነበር። አሁን ቅጹ፣ በሌላ አገር ባንክ ስምሽ ያለበት ሒሳብ አለ ወይ ይላል።

አለ እንጂ። ህንድ አገር፣ ኩምባኮናም ከተማ ያለው አባቷ፣ ጡረተኛው ርዕሰ መምህር፣ ቁጠባውን በእሱና በእሷ ስም ነው የከፈተው። "ስሞት በየቢሮው እንዳትንከራተቺ" ብሎ። እዚያ ስንቱ አባት የሚያደርገው ነው፤ ማንም እንደ ጥፋት አይቶት አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ዝላ እንደገባች ደወለችለት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

"አፓ፣ ስሜን እዚያ ባያስገቡት ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣብኝም ነበር!"

አባቷ፣ "ራት በላሽ?" አላት።

ቅዳሜ ቅጿን ይዛ ወደ ሂንዱዎቹ ቤተ መቅደስ አዳራሽ ሄደች። እዚያ ቫራዳን የሚባሉ ጡረተኛ የሒሳብ ሰው እንደ እሷ ከህንድ የመጡ የታሚል ልጆችን ግብር በነጻ ይሠራሉ፤ ክፍያቸው መሳደብ ነው።

"ይቀጡኛል፣ አጎቴ?"

"ለምን ይቀጡሻል? መኖሩን ትናገሪያለሽ፣ ወለዱን ትጽፊያለሽ፣ አለቀ። ለዚህ ነው ፊትሽ እንዲህ የጠቆረው? እኔ ደግሞ ባል የሞተብሽ መስሎኝ!"

"ባል የለኝም።"

"እሱን አባትሽ ይጨነቁበት።"

"ስሜን ከሒሳቡ ቢያስወጡትስ?"

"የሚጠየቀው ያለፈው ዓመት ነው። ዛሬ ቢያስወጡት ምን ይረባሻል? እንዳይነኩት ንገሪያቸው።"

ሳምንቱን ሙሉ የተሸከመችው ነገር ቀለላት። ወደ ደጅ ወጥታ ደወለች።

"አፓ፣ የባንኩ ነገር ምንም አይደለም ተባልኩ። እንዳይነኩት።"

"እሱማ አለቀ!" አለ አባቷ፤ የቤት ሥራውን ቀድሞ የጨረሰ ተማሪ ይመስል ነበር። "ማክሰኞ በዚያ ፀሐይ ሄጄ ተሰልፌ ስምሽን አስወጣሁት። ጸሐፊዋ፣ 'ከልጅዎ ጋር ተጣልታችኋል እንዴ?' አትለኝም? 'ኧረ እሷ እዚያ ትልቅ ሰው ሆናለች፣ ይሄ አይመቻትም' አልኳት።"

"ታዲያ አሁን በእርስዎ ስም ብቻ ነው?"

"ብቻውንማ እንዴት ይሆናል? ሴልቫምን አስገባሁ።"

ሴልቫም አባቷን ሐኪም ቤት በሞተር ብስክሌቱ የሚያመላልስ የጎረቤት ልጅ ነው።

"የሞትኩ ቀን ቀድሞ የሚደርሰው እሱ አይደል?" አለ አባቷ። ነገሩ ቂም የለበትም፤ እውነት ስለሆነ ብቻ ነው የተናገረው። "በይ አንቺ አትድከሚ። ምሳ በላሽ?"

"ይመልሱኝ" ልትለው ፈለገች። "በልቻለሁ" አለችው። አልበላችም።

ተመልሳ ስትቀመጥ ቫራዳን ቀና ብለው አዩዋት።

"ነገርሻቸው?"

"አስወጥተውታል።"

"እ!" አሉና "አለ" የሚለው ላይ ምልክት አደረጉ። "ይሁን፣ ለዘንድሮና ለከርሞ ነው። ከዚያ ወዲያ ይቀልሻል፤ 'የለም' ብለሽ ማለፍ ነው።"