ሦስት ማህተም ያረፈበት ድጋፍ

«የምርቃት ፎቶሽ ገና ሳይታጠብ ማስተርስ ምን አጣደፈሽ?» አሉ መምህር ወልደየሱስ ኮምፒውተራቸውን እየከፈቱ። «ዓለም አቀፍ ግንኙነት ሥራ ላይ ታሽቶ ለመጣ ሰው ነው። ሁለት ዓመት ሥሪና ነይ፤ ያኔ እጽፍልሻለሁ።»

ኑሀን ጨነቃት። ሁለት መምህራን ስለ እሷ የሚመሰክር የድጋፍ ደብዳቤ ልከዋል፤ የቀረው የእሳቸው ብቻ ነው። ማመልከቻው ደግሞ ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ዛሬ ካመለጣት ነፃ የትምህርት ዕድሉም አብሮ ማምለጡ ነው።

በሩ ብርግድ አለና አባቷ አቶ ከሊል፣ በአርባ ምንጭ የታወቁት ሙዝ አከፋፋይ፣ ወረቀት እያውለበለቡ ገቡ።

«ደብዳቤ ጎደለኝ ስትል ሰምቼ እንዴት ዝም ልበል? ቀበሌው፣ እድሩ፣ የነጋዴዎች ማኅበሩ፣ ሦስቱም ማህተም ረግጠውልኛል!»

ጉድ ፈላ! ኑሀ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«አባ፣ የሚፈለገው የአስተማሪ ነው እኮ! የቀበሌ ድጋፍ ማን ጠየቀ?»

«ማህተም የሌለው ወረቀት ደግሞ ምን ወረቀት ነው?»

መምህሩ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ። «‹ልጅ ኑሀ፣ የላንቴ መንደር ሙዝ አምራቾችና የጭነት ሹፌሮች ተኳርፈው ሙዙ ሊበሰብስ ሲል በጋሞኛና በአማርኛ አነጋግራ ያስታረቀች…›» መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄን ለምን ደበቅሽኝ?»

«አባቴን ማገዝ ሥራ ይባላል እንዴ?»

«ታዲያ አምባሳደር ሌላ ምን ይሠራል? በይ ቁጭ በይ፣ እጽፋለሁ» ብለው መጻፍ ጀመሩ።

አቶ ከሊል ፊታቸው በራ። ኑሀ ዝም ብትል ደብዳቤው ተገኘ ማለት ነው። ግን ሆዷ እምቢ አላት።

«መምህር… ያስታረቅኩት እኔ አይደለሁም።»

«አንቺ ልጅ!» አሉ አባቷ።

«እውነቴን ነው አባ። መጀመሪያ ለሹፌሮቹ ፈርጄ ነገሩን አባባስኩት። ከአምራቾቹ አንዷ፣ እማማ ባዩሽ፣ ‹ልጄ፣ ጠይቂ እንጂ አትፍረጂ› ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ያንዱን ቃል ለሌላው ስተረጉም ነው የዋልኩት። የታረቁት ራሳቸው ናቸው።»

«አበላሸችው!» አቶ ከሊል ራሳቸውን ያዙ። «ወላሂ፣ የነጋዴ ልጅ ዕቃውን እንዲህ ያራክሳል?»

መምህሩ የጻፉትን አጥፍተው እንደገና ይጽፉ ጀመር። ኑሀ ሰዓቷን አየች፤ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ።

«ስሙኝማ» አሉ መምህሩ በመጨረሻ። «‹ነገር አባብሳ ታውቃለች። ሲቆጧት ሰምታ፣ ተመልሳ ሄዳ ሦስት ቀን አድምጣለች። ሁለት ዓመት ሥሪ ብያት ነበር፤ ቃሌን አንስቻለሁ።› ጥፋትሽን የሚያነቡት ግን የትምህርት ዕድሉን የሚሰጡት ሰዎች ናቸው። ላውጣው ወይስ እንዳለ ይሂድ?»

አቶ ከሊል «ያውጡት እንጂ!» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ልጃቸው ቀደመቻቸው።

«እንዳለ ይሂድ» አለች።