የሐረጎ ጥልፍ

መዳፍ የምታህል ናት። ክብ ናት። ቀይ ከፋይ ለብሳለች፤ ሆዷ የበግ ፀጉር ነው፤ ወገቧን አረንጓዴ ሐረግ ዞሯታል። በላይዋ መርፌዎች ተሰክተዋል… አጭሩም፣ ረጅሙም፣ ዓይነ ጠባቡም… ጉሙ ሲገፈፍ በመስኮት የምትገባው ፀሐይ መጀመሪያ የምታገኘው እነሱን ነው።

የመርፌ ትራስ ናት።

የጦይባ ናት።

ጉም ነው ደሴ። ጧት ጉም፣ ከሰዓት ጉም… ጦሳ ተራራ ታየ ሲሉት ይሰወራል፣ ተሰወረ ሲሉት ይታያል። በዚያ ጉም ውስጥ፣ ከሰኞ ገበያ ከፍ ብላ ባለች ጠባብ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትጠልፍ ነበር ጦይባ። ለገበያ አልነበረም። ማንም አላዘዛትም። እጇ ስለወደደው ብቻ ነበር።

ትገባለች መርፌዋ… ትወጣለች መርፌዋ…

የትራስ ልብስ ትጠልፋለች፤ የመሐረብ ጠርዝ ትጠልፋለች። ከሁሉ ግን የምትወደው የመርፌ ትራስ ነው። አንዷን ሮማን ታስመስላታለች፣ አንዷን ዱባ፣ አንዷን እንቅልፍ የወሰዳት ወፍ። መልካቸው ይለያያል፤ ወገባቸውን የሚዞረው አረንጓዴ ሐረግ ግን ሁሌ አንድ ነው። በሰፈሩ ልጅ በተዳረች ቁጥር፣ የእስላምም ትሁን የክርስቲያን፣ ጦይባ አንዷን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ትሄዳለች።

«መርፌ ማደሪያ ካላት፣ የተቀደደ ልብስ እንደተቀደደ አያድርም» ትላታለች ሙሽራዋን።

ባሏ ይመር ሾፌር ነበር። የጭነት መኪና ሾፌር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ሐረጎን፣ ያንን እንደ እባብ የሚጠማዘዝ ቁልቁለት፣ ሲወርድና ሲወጣ ነው ፀጉሩ የሸበተው። በዚያ ወርዶ ወደ ባቲ… በዚያ ወርዶ ወደ አፋር በረሃ… ቤቱ የሚያርፍበት እንጂ የሚኖርበት አልነበረም።

እሱ በመንገዱ… እሷ በመርፌዋ…

ሲመጣ እንቅልፉን ይዞ ይመጣል። ጦይባ ጥልፏን ታስቀምጥና ውኃ ታሞቅለታለች።

«ደህና ገባህ?»

«ደህና ገባሁ።»

ይኸው ነበር ወሬያቸው። አይዋደዱም አይባልም። ግን ፍቅራቸው እንደ ጓዳ ዕቃ ነበር፤ አለ፣ ማንም አያየውም። በመስኮቱ ደፍ ላይ ያለችውን ቀይ ነገር ይመር ግድግዳውን እንደሚያይ ያያት ነበር። ምንድን ናት ብሎ አልጠየቀም። ሐረጉ ወዴት ይሄዳል ብሎ አልጠየቀም።

ልጆቻቸው አድገው በየፊናቸው ሄዱ። ይመርም አንድ ቀን መሪውን ለቀቀ፤ ጡረታ ወጣ፤ ቤቱ ገባ። አሁን ገና አብረን ልንቀመጥ ነው አለ በልቡ።

አላህ ግን ሌላ ነገር ጽፎ ነበር።

አንድ ጧት ጦይባ ከአልጋዋ ልትነሳ ስትል ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ስትሮክ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ነፍሷ ተረፈች፤ እግሯም ቀስ በቀስ መጎተት ጀመረ፤ አንደበቷም እየተንጠባጠበ ተመለሰ። ቀኝ እጇ ግን አልተመለሰም። የሌላ ሰው እጅ ይመስል ጭኗ ላይ ተጋደመ።

«ግራዋን ታለማምዳት» አለ ሐኪሙ።

ጦይባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የክሯን ሣጥን በዓይኗ አሳየችው ይመርን።

«ለ… ሚችል… ስጠው።»

አልሰጠውም። እንዳታየው ብቻ ቁምሳጥን ላይ ሰቀለው።

አልገባችም መርፌዋ… አልወጣችም መርፌዋ…

ያጥባታል። ያጎርሳታል። ያን ወፍራም ጣቱን ፀጉሯ ውስጥ እየከተተ፣ እንዳያማት እየፈራ፣ ያበጥርላታል። «አብሽሪ» ይላታል። «አብሽሪ ጦይባ፣ ያልፋል።» እሷ ግን አትመልስም። የምትበላው እየቀነሰ፣ የምትናገረው እየቀነሰ፣ ጉሙ ከውጭ አልፎ ቤት ውስጥ የገባ እስኪመስል…

እንዲህ እያሉ ክረምቱ ወጣ፤ ጥር መጥቶ አለፈ፤ ዐቢይ ጾም ገባ። አንድ ቀን ጎረቤታቸው እትዬ አስካለ ልትጠይቃት መጣች። ልጇ ትርንጎ ከትንሣኤ በኋላ እንደምትዳር ነገረቻት። ሌላ ምንም አላለችም አስካለ። ጨዋ ናት። ግን ልትወጣ ስትነሳ ዓይኗ ሳታስበው ወደ መስኮቱ ደፍ ሄደ፤ ወዲያው ደንግጣ መለሰችው።

ጦይባ አየቻት።

አስካለ ከወጣች በኋላ አለቀሰች። ከታመመች ጀምሮ ስታለቅስ ይመር ያየው ያን ቀን ነው።

«ትርንጎ… ባ… ባዶ እጇን…» አለች።

ይመር ብዙ አላሰበም። ወንበር ላይ ቆሞ ሣጥኑን አወረደ። አቧራውን እፍ አለ። ቀይ ከፋይ አወጣ፣ አረንጓዴ ክር አወጣ፣ መርፌ ነቀለ። ክሩን በምራቁ እያረጠበ፣ መርፌዋን ወደ ብርሃን እያነሳ፣ ዓይኑን እያጨነቆረ… ስንት ጎማ የፈታ፣ ስንት ብሎን ያጠበቀ እጅ በአንዲት ቀዳዳ ፊት ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ገባችለት። መስፋት ጀመረ።

ጦይባ በዓይኗ ጠርዝ አየችው።

«ምን… እያደረግክ… ነው?»

«እየሰፋሁ።»

«ያ… ስፌት… ነው?»

«ታዲያ ምን ይመስላል?»

አሰበች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ።

«የጆንያ… አፍ።»

ሳቀች። መጀመሪያ ግማሽ ፊቷ ሳቀ፤ ግማሹ ዘግይቶ ተከተለ። ይመር የጆንያውን አፍ ይዞ እንደ ሞኝ ቆመ፤ ሳቋን ሰምቶ አልጠገበም።

«አም… ጣው!» አለችው። ከፋዩ ሲበላሽ ማየት አልቻለችም። ግራ እጇን ዘረጋች።

ግን ጥልፍ ሁለት እጅ ይፈልጋል። አንዱ ይወጋል፣ አንዱ ይወጥራል። ግራዋ መርፌ ስትይዝ ጨርቁን የሚወጥርላት የለም። ይመር ምንም ሳይል ወንበሩን ስቦ ጉልበቱን ከጉልበቷ አገጠመ፤ ከፋዩን ግራና ቀኝ ይዞ ወጠረላት።

መርፌዋ ገባች። ጣቱ ውስጥ።

«ወ… ጋሁህ?»

«ከራዲያተር እንፋሎት አይብስም» አላት። «ንጂው።»

ትገባለች መርፌዋ… ትወጣለች መርፌዋ… ቀስ እያለች፣ እየሳተች፣ እየተመለሰች… የገባችበትን እየፈታች፣ የፈታችውን እየሰፋች… እሷ በግራዋ፣ እሱ በቀኟ ፈንታ… ከሰዓት በኋላ ሁሉ በመስኮቱ ሥር፣ አንድ ሰው መስለው፣ ባለ ሦስት እጅ ሰው መስለው…

የትራሷ ሆድ በበግ ፀጉር ተሞላ። ቀረ ሐረጉ።

ሐረጉ ግን እንቢ አለ። ግራ እጇ ቀጥ ያለውን ለምዷል፤ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ይስታል። ሐረጉ ይሰበራል። ፈታችው። ደገመችው። ተሰበረ። ፈታችው። የከፋዩ ፀጉር እየተላጨ ሄደ። ሠርጉ እየቀረበ ነው።

አንድ ቀን ጦይባ ትራሷን ወረወረቻት።

«እንዲህ ያለ… ለሙሽራ… አይሰጥም! ተወኝ! ል… ልሙትበት!»

ትራሷ ተንከባላ ከበሩ ሥር ቆመች። ይመር አልተቆጣም። ሄዶ አነሳት። በመስኮቱ ደፍ ላይ ያለችውን አሮጌዋንም አነሳ። የቱ ጋ ነው የምንስተው ብሎ ሁለቱን ጎን ለጎን ወደ ብርሃኑ ያዛቸው፤ በአሮጌዋ ሐረግ ላይ ጣቱን አኖረ፤ ተከተለው።

ወደ ግራ ሄደ ጣቱ። ረጅም፣ ልዝብ መታጠፊያ… ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ድንገተኛ… ከዚያ አጭር ሜዳ… ከዚያ አንድ ጠባብ፣ ክር በክር ላይ የተደራረበበት፣ ወደ ኋላ የሚመለስ የሚመስል…

እግሩ ሳያዘው ወለሉን ረገጠ። ፍሬን ረገጠ።

ቆመ ይመር።

«ጦይባ… ይሄ ሐረግ… ሐረጎ ነው?»

ጦይባ ፊቷን ወደ እሱ መለሰች።

«ሙሽራ ሆኜ… ከኮምቦልቻ… ስታመጣኝ… ፈርቼ… ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። መታጠፊያውን… በሆዴ ያዝኩት።»

ይመር ጣቱን ከሐረጉ ላይ አላነሳም።

«አንተ ስትወርድ… እኔም እወርድ ነበር… እዚህ ቁጭ ብዬ። ጠባቡ ላይ… ስደርስ… ያ ረብ እላለሁ። ካለፍኩት… አለፈ እላለሁ… በሰላም አለፈ… እላለሁ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ ይመር። ብቻዬን ነዳሁ ይል ነበር ዕድሜ ልኩን። በዝናቡ ብቻዬን፣ በጉሙ ብቻዬን፣ ገደሉ አጠገብ ሞተር ጠፍቶብኝ ብቻዬን… አይደለም ለካ። እሱ በመንገዱ፣ እሷ በመርፌዋ፤ መንገዱም አንድ ነበር፣ መርፌዋም እሱን ይዛ ነበር የምትሄደው። ስንት ቤት፣ ስንት ሙሽራ ጓዳ ውስጥ ተቀምጧል የሱ መንገድ… የሱ ደህና መግባት…

እንባውን በክርኑ ጠረገ። ትራሷን አንስቶ ግራና ቀኝ ያዘላት።

«ንጂ» አላት። «እስከ ዛሬ አንቺ አሻገርሽኝ። አሁን እኔ አለሁ። ይቺን መንገድ እኔ አውቃታለሁ።»

መርፌዋን ያዘች።

«ቀስ… ግራ ያዢ… ብዙ አትያዢ… እንደሱ። አሁን ሜዳ ነው፣ ለቀቅ አድርጊ። አሁን ማርሽ ቀንሽ፣ ቀንሽ… ወደ ቀኝ ሰበር። ጎሽ!»

ትገባለች መርፌዋ… ትወጣለች መርፌዋ…

«ጠባቧ ደረሰች። አትቸኩይ። ከዳር ያዢ፣ ሰፋ አድርገሽ ግቢ… ገደሉን አትዪው፣ መንገዱን እዪ። አብሽሪ። አብሽሪ…»

ግራ እጇ ዞረ። ክሩ ዞረ። ሐረጉ ሳይሰበር ዞረ።

«አለፈ» አለች ጦይባ።

«በሰላም አለፈ» አላት ይመር።

የትርንጎ ሠርግ ዕለት ጉም አልነበረም። ይመር ጦይባን ደግፎ፣ ትራሷን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ዳስ ውስጥ ገባ። ትርንጎ ጨርቁን ስትፈታ ሁለቱንም እጇን አፏ ላይ አደረገች። አስካለ ጦይባን አንገቷን ይዛ አለቀሰች። ትራሷ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች በሴቶቹ መካከል። እውነቱን ለመናገር እንደ ድሮዎቹ አልነበረችም። አንዳንድ ቦታ ክሩ ወፍሯል፤ አንዳንድ ቦታ ከፋዩ ሳስቷል። ሐረጉ ግን ሐረግ ነበር።

«ማን ጠለፋት?» አለች ከወልድያ የመጣች የሙሽራዋ አክስት።

ሁሉም ወደ ጦይባ አየ። ቀኝ እጇን አየ። ይመርም ወደ እሷ ዞረ፤ የሷ ነው፣ እሷ ትናገር ብሎ።

ጦይባ ቃሏን ሰበሰበች። እንዳይንጠባጠብ፣ እንዳይሰበር፣ ቀስ ብላ…

«ጠለፍናት» አለች።

አክስቲቱ አልገባትም። ሁለተኛ ደገመችላት፤ በግራ እጇ የይመርን እጅ አንስታ አሳየቻት። ጣቶቹ በመርፌ ተበሳስተው ወንፊት መስለው ነበር።

«ኧረ ጉድ!» አለች አስካለ። «ይመር! በሽማግሌ ያገባህ ሰው፣ በሽምግልናህ ጠለፋ ጀመርክ?»

ዳሱ በሳቅ ፈነዳ። ከሁሉ በላይ የሳቀው ይመር ነበር።

በማግስቱ ጦይባ ራሷ ሣጥኑን አስከፈተችው። አዲስ ጨርቅ መረጠች፣ ነጭ ጨርቅ። ይመር ሊወጥርላት ተቀመጠ።

«ወዴት… ልንዳ?» አለችው።

አሰበ። የነዳቸውን መንገዶች ሁሉ አሰበ። አንዱንም አላሳያትም።

«ሐይቅ ከተማን አይተሻት ታውቂያለሽ?»

«የት… አይቼ!»

«እዚህ አፍንጫችን ሥር! ውኃዋ… እንዴት ልበልሽ… ጧት ሌላ፣ ማታ ሌላ…» ቃል አጠረው። ሰማያዊ ክር መዞ በምራቁ አረጠበ፤ መርፌዋን አነሳ። ከዚያ መልሶ አስቀመጣት። ተነሣ።

«ተነሽ» አላት። «በወሬ አይጠለፍም። መጀመሪያ እንየው።»

ሻሿን አሰረላት፣ ጫማዋን አደረገላት፣ እየደገፈ እስከ መናኸሪያው ወሰዳት። ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል አስቀመጣት፤ እሱ ከጎኗ ተቀመጠ። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ ችኩል ነው። ከተማውን ሲለቁ መኪናው ከነፈ።

ጦይባ ዓይኗን አልጨፈነችም። የይመርን መዳፍ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። በግራ እጇ አመልካች ጣት መንገዱን በመዳፉ ላይ ትከተል ጀመር… ወደ ግራ… ወደ ቀኝ… ቀና… አንድ መታጠፊያ አመለጣት፤ ቅር ብሏት ቀና ብላ አየችው።

ይመር ወደ ፊት ጎንበስ አለና የሹፌሩን ትከሻ ነካ አደረገው።

«ቀስ በል ወንድሜ» አለው። «እዚህ ሰው ሥራ ላይ ነው።»