ሯጩ በአባቱ ደጅ ሲያልፍ

«ኧረ በማርያም፣ ጠላውን ወደ ቤት መልሽው!» አለች ጥላነሽ፣ ሕፃኗን እንዳዘለች የሽታዬን ክንድ ይዛ።

ሽታዬ መንገዱ ዳር በርጩማ አውጥታለች፤ በርጩማው ላይ የተቆረሰ ዳቦ አስቀምጣ በእጇ ደግሞ አፉ ድረስ የሞላ ዋንጫ ይዛለች። የጥላነሽ ባል ታረቀ ከአማኑኤል ማዶ ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ ድረስ ሊሮጥ ነው መባሉን ሰምታ፣ እንዲህ ያለ መከረኛ በደጇ ሲያልፍ በባዶ እጇ ቆማ ማየቱ አልሆንልሽ ብሏታል።

«ምን በደለሽና ነው ባልሽን በውሃ ጥም የምትገድይው?» አለቻት።

«ውሃ እኔ ይዤለታለሁ፤ እየሮጠ ይጎነጫል። ጠላ ከሰጠሽው ግን ይቆማል። ከቆመ ደግሞ አለቀለት።»

«አልቆምም ይበላ! አፍ የለውም?»

«አንች "በሞቴ" ትይዋለሽ።»

«ታዲያ በሞቴ ሳልለው ልሸኘው ኖሯል?»

«እሱ ደግሞ በሞቴ ካሉት ገደል ይገባል። የእኔ ባል ችግሩ እግሩ አይደለም ሽታዬ፣ ይሉኝታው ነው።»

ሽታዬ ሳቋ አመለጣትና ጠላው በእጇ ላይ ፈሰሰ። «በይ እሽ፣ እልልታ ይከለከላል?»

«እልልታማ ይጨመርልኝ!» አለች ጥላነሽ፤ ጉንጯን ስማት መንገዷን ቀጠለች።

ነገሩ እውነት ነበር። ታረቀ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። የስፖርት አስተማሪው ፍቅረ ሥላሴ እግሩን አይቶለት፣ ለዘውድ በዓል በተዘጋጀው ማራቶን የሚሉት ሩጫ ካልገባህ ብሎ ያዘው። አተነፋፈስ አስተማረው፤ ዳገት እንዴት እንደሚወጣ፣ ቁልቁለት እንዴት እንደሚወረድ አሳየው። ሰው እያዩ ዝም ብሎ ማለፍን ግን ሊያስተምረው አልቻለም። ባለፈው ወር ለልምምድ ብሎ በዚሁ መንገድ ሲሮጥ ከለቅሶ የሚመለሱ ሰዎች አገኘና «እግዜር ያጥናችሁ» ሊል ቆመ። ቁጭ በል አሉት፣ ተቀመጠ፤ ቅመስ አሉት፣ ቀመሰ። ልነሣ ሲል ጭኑ እንደ ደረቀ እንጨት ግትር አለበት። ወደ ከተማ የገባው በአንድ ጭድ ነጋዴ አህያ ላይ ተጭኖ ነው። ተማሪዎቹ ሳምንቱን ሙሉ «አህያው ስንተኛ ወጣ?» ሲሉት ሰነበቱ።

ያን ጊዜ አስተማሪው ታረቀን ትቶ ሚስቱን ጠራት። «አማኑኤልን ካለፈ በኋላ ማንም እንዳያስቆመው። እዚህ ላይ ከቆመ አይነሣም፤ ይኼ የአንቺ ሥራ ነው» አላት።

ጥላነሽም ሥራዋን ይዛ ጎህ ሲቀድ ከከተማ ወጣች። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ቤት እያንኳኳች «ታረቀን እንዳትጠሩት፣ እንዳትስሙት፣ በሞቴ እንዳትሉት» ስትል አረፈደች። ሰዉ መጀመሪያ ይስቅባታል፤ ከዚያ እሽ ይላታል። አንዱ ውሻውን አሰረላት፣ ሌላው ከብቶቹን ከመንገድ መለሰላት፤ አንዲት መነኩሲት ደግሞ «እኔ መቼም መሮጥ አልችልም፣ በጸሎት ልከተለው» አሏት። የሰዉ ደግነት እንባዋን አመጣው። እኔ ማን ነኝና ነው ይህ ሁሉ ሰው ለእኔ ባል የሚጨነቅልኝ እያለች አመሰገነች።

አሁን የቀራት አንድ ቤት ብቻ ነው። ከከተማው በቅርብ፣ ከመጨረሻው ዳገት ሥር ያለው የአማቷ የአቶ አድማሴ ቤት። ጠዋት ስትወጣ ፈርታ በጓሮ ዞራ አልፋው ነበር።

አቶ አድማሴ አጥቢያ ዳኛ ናቸው። ሰው ሲያልፉ የሚነሣላቸው፣ ሲናገሩ የሚደመጥላቸው፣ ይህንንም ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ዛሬ የበዓል ጋቢያቸውን ለብሰው፣ መቀመጫቸውን ከአጥራቸው ውጭ፣ መንገዱ ጠርዝ ላይ አስወጥተው ጭራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ባልንጀራቸው አቶ ባምላኩና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች አጠገባቸው አሉ።

«እንዴት አረፈዱ አባባ?» ብላ ጥላነሽ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንች ጉልበት መሳም ታውቂያለሽ። ባልሽ ያውቅ እንደሁ ደግሞ ዛሬ እናያለን።»

ጥላነሽ ቀና አለች። «አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ ነው የመጣሁ። ታረቀ ሲመጣ ለአንዳፍታ ወደ ውስጥ ቢገቡለት።»

«ወደ ውስጥ?»

«ካየዎት ይቆማል። ከቆመ እግሩ ይታሰርና እዚሁ ይቀራል።»

«በገዛ ደጀ ከገዛ ልጀ ልደበቅ? ሽፍታ ነኝ?»

አቶ ባምላኩ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«አይቆጡብኝ አባባ።»

«አልተቆጣሁም። እኔ እግሩን አልይዘው፣ ካሻው ይለፍ። ነገር ግን የአድማሴ ልጅ በቁምጣ ሆኖ አባቱን እንደ ጉቶ አልፎት ሄደ ከተባለ፣ ከዚያ ወዲያ አባት እንደሌለው ይቁጠረው። ምርቃቴም አይከተለው።»

ታረቀ ከቆመ የለፋበት ሁሉ እዚህ ደጅ ላይ ይቀራል። ካለፈ ደግሞ አባቱን ያጣል። እሷ ባሏን ታውቀዋለች፤ ይቆማል። ቆሞ ጉልበት ይስማል፣ ከዚያ እዚህ አፈር ላይ ይወድቃል፤ ወድቆም ማንንም አይወቅስም። ይህን ስታስብ ፍርሃቷ ጥሏት ጠፋ።

«ያን ክረምትም በዚህ ደጅ ሳይቆም አልፏል አባባ» አለች።

አቶ አድማሴ ጭራቸውን መወዝወዝ ተዉ። የትኛውን ክረምት እንደምትል ያውቃሉ። ጥላነሽ ይችኑ ያዘለቻትን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ከአማኑኤል ማዶ እናቷ ቤት ሄዳ ምጡ ጠናባት። አዋላጆቹ ተስፋ ቆርጠው ቄስ ይጠራ ሲሉ፣ ታረቀ ምንም ሳይናገር ወጥቶ በጭቃው ሮጠ። ደብረ ማርቆስ ደርሶ የሐኪም ቤቱን መኪና ይዞ ተመለሰ። እናትም ልጅም ተረፉ። ያን ቀን በአባቱ ደጅ ሲያልፍ «ጥላነሽ ልትሞትብኝ ነው!» ብሎ ከመጮህ በቀር ቀና ብሎም አላየ።

«ያን ጊዜ ለነፍስ ነው የሮጠ» አሉ አቶ አድማሴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዛሬ ማን አባረረው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

«ያችው ነፍስ እኮ ነኝ አባባ፣ ፊትዎ የቆምኩት። እኔ የቆምኩት በማን እግር ነው? ይችስ?» ጀርባዋን አዙራ የሕፃኗን ፊት አሳየቻቸው። «ታረቀ ለራሱ ብሎ አንድ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። "ማንም ሳይሞትብኝ፣ ማንም ሳያለቅስብኝ፣ አንድ ጊዜ ለደስታየ እስከ መጨረሻው ልሩጥ" ነው ያለኝ። ይህችን ካላደረግሁለት ምን ላደርግለት ነው?»

አቶ አድማሴ ሕፃኗን አይተው «ወደ ጥላው ግቢ፣ ልጅቱን ፀሐይ መታት» አሉ ብቻ። ከመቀመጫቸው ግን አልተነቃነቁም።

አቧራ አስነሥቶ ላንድሮቨር መጣ። ከኋላው አንድ ወታደር እየሮጠ ደረሰና ቀና ሳይል አለፈ።

«ይኼ የማን ነው? እንዴት አረፈዳችሁ አይልም?» አሉ አቶ አድማሴ።

«ተወው፣ ወታደር ነው» አሉ አቶ ባምላኩ።

ሁለት ተማሪዎች አለፉ። ሌሎች ሁለትም ተከተሉ። ከዚያ መንገዱ ባዶ ሆነ። ጥላነሽ የውሃውን ቅል ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ «የአማኑኤል ያለህ፣ አደራህን» እያለች ቆመች። ከወዲያ ማዶ ከሽታዬ ቤት በኩል እልልታው ቀለጠ። ጎረቤቶቿን ሁሉ ሰብስባ መሆን አለበት።

ታረቀ መጣ። ካናቴራው ከሰውነቱ ተጣብቋል፤ ከንፈሩ ላይ ጨው ደርቋል። አንዱ እግሩ ወደ ውጭ ይጣላል፤ የሸራ ጫማው ጫፍም ደም ለብሷል። ጥላነሽ ሮጣ ደረሰችበትና ቅሉን አፉ ላይ ደገነችለት። ግማሹን ዋጠ፣ ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። «በርታ! የከተማው ቆርቆሮ እየታየ ነው፣ በርታልኝ!» አለችው።

እሱ ግን አባቱን አይቷል። ፊቱ የሕፃን ፊት ሆነ። እርምጃው አጠረ። የሌለ ጋቢውን ከትከሻው ሊያወርድ እጁ ወደ ላይ ሄዶ ባዶ ተመለሰ። ጎንበስ ማለት ጀመረ። ጥላነሽ «አትቁም!» ልትል ፈለገች፤ በአባቱ ፊት እንዴት ብላ ትበለው?

አቶ አድማሴ የልጃቸውን ፊት አላዩም። እግሩን ነው ያዩት፤ ያን የሚጣለውን፣ ደም የለበሰውን እግር። ከዚያ ዘንጋቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

«ኖር!» አሉ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ዳኛው ተነሥተው ማን ይቀመጣል? ሁሉም ዘንግ ዘንጋቸውን እየያዙ ተነሡ። «ኖር! ኖር!»

ኖር ለተባለ ሰው መልሱ አንድ ነው። ሰውን አስነሥቶ ፊቱ ላይ መገተር ነውር ነው፤ ቶሎ ብሎ ማለፍ፣ የተነሡትንም ማሳረፍ ይገባል። ታረቀ ይህን ከአባቱ ነው የተማረው።

«በእግዜር!» አለ። «በእግዜር አባባ! በእግዜር ይቀመጡልኝ!»

ሊቆም የነበረው እግሩ መንገዱን መልሶ ያዘ። እያለቀሰ ዳገቱን ወጣ። ጥላነሽም እንባዋ ዓይኗን ጋርዶባት ጀርባውን አሻግራ ማየት አቃታት።

«ይኼን ለማየት ነው እንዴ እስከ ዛሬ የቆየነው! አያ አድማሴ፣ ለልጅ ይነሣል?» አሉ አቶ ባምላኩ። «በል ተቀመጥ፣ አለፈ እኮ።»

«ከኋላ የቀረ የሰው ልጅ አለ» አሉ አቶ አድማሴ፤ እንደ ቆሙ ወደ ጥላነሽ እጃቸውን ዘረጉ። «ልጅቱን ለእኔ ስጭኝና አንች ሂጅ። ያን ሁሉ መንገድ ሮጦ ሲደርስ የራሱን ሰው ማየት አለበት።»

ጥላነሽ «እግዜር ይስጥልኝ አባባ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ» እያለች ጉልበታቸውን ሳመች። ይበቃል ቢሏት አልሰማችም። ልጇን አስታቅፋቸው ዳገቱን ወጣች።

ሩጫው የሚያልቅበት ሜዳ ስትደርስ የፖሊስ ሙዚቃ ይነፋል፤ ሰው በሰው ላይ ነው። ታረቀ ሣሩ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል፤ የአስተማሪው ኮት በላዩ ላይ ተጥሏል።

«ደረሰ?» ብላ ጮኸች።

«ደረሰ! በእግሩ ገባ! ስድስተኛ!» አለ ፍቅረ ሥላሴ እየዘለለ።

ጥላነሽ ብቻዋን እልል አለች። ተንበርክካም የባሏን አቧራማ እግር በነጠላዋ መጥረግ ያዘች።

ታረቀ ዓይኑን ገለጠ። «አባባ ተቀመጡ?»

አዎ ብትለው ይተኛል፣ ያርፋል። ልትዋሸው ግን አልሆነላትም። «አልተቀመጡም። ልጅህን ታቅፈው ከኋላ ላሉት ሁሉ ኖር ሊሉ እንደ ቆሙ ነው የተውኳቸው።»

ታረቀ እጁን ሰጣትና አነሣችው። ጥርሱን ነክሶ ቆመ።

«ወዴት ነው?» አለ ፍቅረ ሥላሴ ደንግጦ። «የደረሱት ሁሉ ስማቸው ሊጠራ እኮ ነው! ሜዳሊያውን የሚያጠልቁት የንጉሡ እንደራሴ ራሳቸው ናቸው። ትንሽ ታገሥ እንጂ።»

«እግዜር ይስጥልኝ አስተማሪ፤ ውለታዎን አልረሳውም» አለ ታረቀ፣ ክንዱን በሚስቱ ትከሻ ላይ አሳርፎ ወደ አማኑኤል መንገድ እየዞረ። «አባቴ ቆመዋል።»