የወለተሐና ተራ

«ጽዋውንስ ታጥበዋለች እንበል፤ ቤቱን ማን ያጥበዋል?»

ይህን ያለችው ማን እንደ ነበረች ወለተሐና ዛሬ በውል አታስታውስም። ከአጥሯ ወዲያ፣ ከአንኮበር ገበያ የሚመለሱ ሁለት ሴቶች ነበሩ። የሁለተኛዋ መልስ ከአእምሮዋ ጠፍቷል፤ ሳቋ ግን አልጠፋም። ያን ጊዜ ወንድሟ ገብረ ሕይወት አእምሮው ታውኮ ከድቁናው ከቀረ ገና ዓመት አልሞላውም።

ከዚያ ወዲህ የሚካኤል ማኅበር ጽዋ ደጇን አልረገጠም። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ዝክሩ ከቤት ቤት ይዞራል፤ እሷ ዘንድ ሲደርስ ግን «አንቺማ የራስሽ ሸክም አለብሽ፣ እናቅልልሽ» እየተባለ ይታለፋል። እሷም ሸክሟን ታቅፋ ዝም ትል ነበር።

በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ማኅበርተኛው በሙሴው በወልደአረጋይ ቤት ተሰበሰበ። ሙሴ ማለት የማኅበሩ አለቃ ነው፤ ወልደአረጋይ ደግሞ ለወለተሐና የአጎቷ ልጅ ነው። ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ የንስሐ አባታቸው አባ ገብረ ጻድቅ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ አንሥተው «ተረኛ?» አሉ።

«ይርጋለም ትቀበል» አለ ወልደአረጋይ፣ ከወለተሐና ቀጥላ ተረኛ የሆነችውን እያየ።

ወለተሐና ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣች። «ተራው የኔ ነው።»

«እህት ዓለም፣ ለአንቺው ብለን እኮ ነው። ካልሽም ለዚያች ቀን ወንድምሽን መዘዞ ያለችው አክስትሽ ዘንድ ስደጂውና እንመጣለን።»

«በግ ነው እንዴ የምነዳው? ወንድሜን ደብቄ የማወጣው ዝክር የለኝም።»

«ቢጮህብንስ?» አለ አንዱ ከወደ በሩ። «ደግሞ ይኼ ነገር በዘር ነው ይባላል።»

«ይጮኻል። ድንጋይም ወርውሯል፤ ይኸው ግንባሬ። የመታው እኔን ነው። እኔ ያልሸሸሁትን እናንተ ምን ነክቷችሁ ነው የምትሸሹት? ዘሬንም ቁጠሩት! ስትቆጥሩ ግን ጮክ በሉ፤ ግማሻችሁ እዚያው ውስጥ ናችሁ።»

አንዲት ሴት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

«ይርጋለም፣ ትቀበያለሽ?» አሉ አባ።

ይርጋለም እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። «አባ፣ የሰው ተራ አልቀበልም።»

ጽዋው ተቀባይ ሳያገኝ ማኅበርተኛ ከቤት አይወጣም፤ ሥርዓቱ ነው። ውጭ ጉሙ ከገደሉ እየወጣ ነው፤ መንገድ የሚጠብቀው ማኅበርተኛ ሁሉ በሩን በሩን ያያል። ከዚያም ወልደአረጋይን ያየው ጀመር።

«እሺ፣ ከወንድምሽ ጎን ማን ሊቀመጥ ነው?» አለ እሱ ጢሙን እያሸ።

«አንተ።»

«እኔ? የሙሴ ቦታ ከአባ ቀጥሎ ነው እኮ!»

«እንግዲያው በአባና በአንተ መካከል አስቀምጠዋለሁ።»

«መልካም ቦታ ነው» አሉ አባ ገብረ ጻድቅ፣ ጽዋውን ወደ እሷ ዘርግተው።

ወለተሐና እጅ ነሣች፤ ግን አልተቀበለችም። «መጀመሪያ ሙሴው ይናገር። ከወንድሜ ጎን ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ዝክር አላወጣም።»

ወልደአረጋይ ብድግ አለ። «በታኅሣሥ ሚካኤል ከጎኑ እቀመጣለሁ» አለ፤ ዞር ብሎም እሷን እያየ፣ «ዳቦውንም በእጄ አጎርሰዋለሁ።»